አባዬ ያስተካከለው ምስል

ጥር 3፣ ማክሰኞ

እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። ዛሬ ልብስ ሰፊዋ ቤት ቴሌቪዥን አየሁ፤ በጣም ደስ አለኝ። ይኸው ነው። ሰው ቢያነበው «ታዲያ ምን አለበት?» ይል ይሆናል። አባቱ የኬብል ሰው ላልሆነ ምንም የለበትም።

የአባዬን ሱሪ ላሳጥር ነበር የሄድኩት። የልብስ ሰፊዋ ቤት ከእኛ በር ፊት ለፊት ነው፤ መስፊያዋም መኝታዋም አንዲት ክፍል ናት። በሩን ገፋ ሳደርገው ግድግዳው ላይ ባሕር አለ። የምሬን ነው፣ መጀመሪያ ቴሌቪዥን መሆኑም አልመጣልኝም። አንድ ዓሣ ዘወር ሲል ቅርፊቱ አንድ በአንድ ይታያል። ከሥሩ ያለው አሸዋ ሳይቀር ጥላ ነበረው።

«ግቢ እንጂ፤ ምን በር ላይ ተገትረሽ ትቀሪያለሽ?» አለችኝ መርፌዋን በጥርሷ እንደያዘች።

«ምንድን ነው?» አልኩ።

«ኢንተርኔት ነዋ! ምነው፣ ዓሣ አይተሽ አታውቂም?» ሳቀች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የአባትሽን ኬብል ነቅዬዋለሁ። ምን ላድርግ፣ ዓይኔን አሳመመኝ እኮ። እንዳትነግሪያቸው፤ ራሴ ነኝ የምነግራቸው። እሺ የኔ ቆንጆ?»

እሺ አልኩ። የኢንተርኔቱን ሽቦ አየሁት፤ ከጫማ ክር ይቀጥናል። ያ ሁሉ ባሕር በዚያ ውስጥ እንዴት አለፈ? ይህንን ሳስብ ሱሪውን ሳልሰጣት ይዤው ተመለስኩ።

ጥር 4፣ ረቡዕ

አባዬ ለሰፈሩ ቴሌቪዥን ያከፋፍላል። ጣሪያችን ላይ ዲሾች አሉ። ከነሱ የሚወርደው ሁሉ ፎቅ ባለችው ጠባብ ክፍል ይሰበሰባል። እዚያ ለእያንዳንዱ ቻናል አንድ ሳጥን አለው። የሳጥኖቹ ምስል ሁሉ ተደባልቆ በአንድ ወፍራም ኬብል ይወጣና በየምሰሶው እየተከፋፈለ በየቤቱ ይገባል። ሳጥኖቹ ፊታቸው ላይ የምስሉን ብርሃን የሚጨምርና የሚቀንስ ማዞሪያ አላቸው። ሌሎች የኬብል ሰዎች ይህንን በመለኪያ ነው የሚያስተካክሉት። አባዬ ግን ትንሿን ቴሌቪዥን እያየ በዓይኑ ነው። «መለኪያ ዓይኑን ለማያምን ሰው ነው» ይላል።

የእኔ ሥራ ስልክ ማንሳት ነው። ከስምንተኛ ክፍል በኋላ አልተማርኩም። ተነስተሽ አንብቢ ስባል ድምፄ አይወጣም ነበር፤ ልጆቹ ይስቃሉ። አባዬ «በቃ ከኔ ጋር ሁኚ፤ ሳጥን ጥያቄ አይጠይቅም» አለኝ። ስልክ ግን ይጠይቃል። ሲጮህ አሁንም እደነግጣለሁ።

ዛሬ ፀጉር አስተካካዩ ደወለ። የሱ ሱቅ መንገዱ ጥግ ላይ ነው፤ ኳስ ለማየት የሚመጣው ፀጉሩን ከሚቆረጠው ይበዛል።

«እቱ! ተጫዋቾቹ ሁሉ ዱቄት የተነፋባቸው ይመስላሉ እኮ! የትኛው ቡድን ነው ነጭ የለበሰው? ሁለቱም ነጭ ሆነውብኛል። ዳኛውም ነጭ ነው! ለጋሽ ኬብሉ ንገሪልኝ፤ እኔ ስክሪን ላይ ሳፈጥ የሰው ጆሮ ልቆርጥ ነው።»

ለአባዬ ነገርኩት። «የሱ ቴሌቪዥን አርጅቷል» አለ።

ጥር 7፣ ቅዳሜ

ስልኩ አላረፈም። ነጣ፣ ነጣ፣ ነጣ። አንዲት ሴትዮ «ልጄ ቴሌቪዥን ላይ ፊደል እያየች ማንበብ ለምዳ ነበር፤ አሁን ፊደሉ በነጭ ላይ ነጭ ነው» አለች። ያለችውን ወረቀት ላይ ጻፍኩ። «አለሽ?» አለች። ነበርኩ።

ጥር 9፣ ሰኞ

እማዬ ፀጉሯን አሳጥራ ተቆርጣ መጣች። ሆቴል ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው የምትሠራው፤ እንፋሎቱ ፀጉር ያበላሽባታል። ፊቷ ወጣ፤ ልጅ መሰለች። ከአባዬ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ጠበቀች። አባዬ ሾርባውን ቀመሰና «ጨው አንሶታል» አለ።

ኋላ ከአክስቴ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማኋት። «አንገቴ ድረስ አስቆርጬ ፊቱ ተደቅኛለሁ፤ እሱ ስለ ጨው ያወራኛል! እንደ ወንበር ነው የሚያልፈኝ። ሃያ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው… ተይው እስቲ፣ ተይው።»

አባዬ ክፉ ሰው አይደለም። ሥራ በዝቶበት ነው። ይህንን ለእማዬ ልነግራት ፈልጌ ማድ ቤቱ በር ድረስ ሄጄ ነበር። ሳህን ይዤ ተመለስኩ።

ጥር 10፣ ማክሰኞ

ዛሬ አባዬ ኬብል ሲቀጥል ቁጭ ብዬ አየሁት። ቆዳውን በምላጭ ዙሪያውን ይቀድደዋል፣ በጣቱ ይገፈዋል፤ ከውስጥ መዳቡ ሳይነካ ይወጣል። ቀና ብሎ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ነው ይህን ሁሉ የሚያደርገው። ጣቶቹ ያውቃሉ። ድሮ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሥራው ላይ ይደፋ ነበር። አሁን መነጽሩንም አያደርገውም። እንዲህ መልመዱ እንዴት ደስ ይላል!

«አባዬ፣ ምስሉ ከየት ነው የሚመጣው?» አልኩት። ስንቴ እንደጠየቅኩት እንጃ፤ መልሱን ስለምወደው ነው።

«ከላይ። በሁሉም ጣሪያ ላይ ይወርዳል፤ እንደ ዝናብ። በልብስ ሰፊዋም፣ በፀጉር አስተካካዩም፣ በዶሮ ቤቱም ላይ። እኛ ሳህን ስለዘረጋን ነው የሚጠራቀምልን።»

ከዚያ ብሎኑን አጣው። እግሩ ሥር ነበር። አንስቼ ሰጠሁት።

ጥር 15፣ እሑድ

ልብስ ሰፊዋ አባዬን ጠራችው። ሱሪውን ልለካው ነው አለች፤ ለምን እንደሆነ እኔ ገብቶኛል። እኔም ተከተልኩት። ፀጉር አስተካካዩም የኮቱን ቁልፍ ሊያስተክል እዚያው ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ ተራራ አለ፤ ከተራራው የሚወርድ ውሃ፤ ከውሃው ሥር ጠጠር።

«ጋሼ፣ እንግዲህ አይቀየሙኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ወደ ኢንተርኔት ዞሬያለሁ። እስቲ ይዩት፤ እርስዎ የሙያው ሰው ነዎት።»

አባዬ ወደ ስክሪኑ ቀረበ። በጣም ቀረበ። አንገቱን ወደ ጎን ሰበር አድርጎ ቆየ። እኔ ፊት ፊቱን አያለሁ፤ አሁን ያዝናል፣ አሁን ልቡ ይሰበራል ብዬ።

«ያው ነው እኮ» አለ። «ከኔው በምን ይለያል?»

ፀጉር አስተካካዩ ጉልበቱን መታ። «ኧረ ጋሼ! ይሄማ ቅናት ነው! ጠጠሩ እንኳ ይቆጠራል እኮ!»

«ጠጠር የሚቆጥር ሥራ የፈታ ነው» አለ አባዬ። ሁሉም ሳቁ። አባዬም ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። አባዬ ሲዋሽ ጆሮውን ይነካል፤ ለእማዬ «በልቻለሁ» ሲላት፣ ለደንበኛ «መንገድ ላይ ነኝ» ሲል። ዛሬ እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር።

ጥር 16፣ ሰኞ

ደክሞት ነው። የሰው ቤት ስለሆነ ነው። ደንበኛ ስለሄደበት ልቡ አልነበረም።

ጥር 17፣ ማክሰኞ

አባዬ ምሰሶ ሊያይ ሲወጣ ፎቅ ወጣሁ። ማዞሪያዎቹን ከዚህ በፊት ልብ ብዬ አይቻቸው አላውቅም። ሁሉም ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው ዞረዋል። አንዱም አልቀረም።

የዜናውን ቻናል ትንሽ ወደ ግራ መለስኩት። ነጩ ነገር ሳሳ። መጀመሪያ ቅንድብ መጣ። ከዚያ አፍንጫ። ከዚያ የሴትዮዋ ጉንጭ ላይ አንድ ትንሽ ጥቁር ምልክት። እንደ ሰው መጣች! ከጭጋግ ውስጥ የወጣች ይመስል «እንደምን ዋላችሁ» አለች፤ እኔም ብቻዬን «ደህና» አልኩ። ለካ እዚያው ነበረች። ያን ሁሉ ጊዜ እዚያው ነበረች።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ፀጉር አስተካካዩ ነው። «ጋሽ ኬብሉ ምን ተአምር ሠራ? ዜና አንባቢዋ ቆንጆ ናት እንዴ? ሳናውቅ ኖረናል!»

ማታ አባዬ ገባ፣ አየ፣ «ማነው ይህን ያጨለመው?» አለ። ወደ ቀኝ አዞረው፤ እስከ መጨረሻው። ሴትዮዋ ሄደች። እኔ መሬቱን አየሁ።

የአባቴን ዕቃ ሳላስፈቅድ ነካሁ። ሌባ ቢሆን ከዚህ ምን ይብሳል?

ጥር 19፣ ሐሙስ

ሲወጣ ቀነስኩ። ሲገባ ጨመረ።

ጥር 21፣ ቅዳሜ

ዛሬም። ደንበኞች ግራ ገብቷቸዋል። «ጠዋት ሰው ነበሩ፣ ከሰዓት መንፈስ ሆኑ» አለ አንዱ። እማዬ ለአባዬ የላመ ነገር አልሠራችለትም፤ ከሆቴል ደረቅ ዳቦ አምጥታ አስቀመጠችለት። ዳቦውን በእጁ ጠረጴዛው ላይ ሲፈልገው ቆየ። እሷ ወደ ማድ ቤት ዞራ ነበር፤ አላየችውም።

ጥር 24፣ ማክሰኞ

ከዚህ በኋላ ለራሴ መዋሸት አልችልም። ባልጽፈውም ያው ነው፤ ስለዚህ ልጻፈው።

አባዬ ደህና አያይም።

ዛሬ ጠረጴዛው ላይ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎት ነበር። ስልኩ ሲጮህ ነቃና ወደ ፊቴ ዓይኑን ገለጠ። በመስኮቱ ብርሃን በጣም ቀርቤ አየሁት። ጥቁሩ ላይ ነጭ ነገር አለ፤ መስታወት ላይ ሰው እንደተነፈሰበት። እኔ ግማሽ ክንድ ያህል ርቄ ነው የቆምኩት፤ እሱ «ማነው?» አለ።

ሲጨልምበት ማዞሪያውን ይጨምራል። ይበልጥ ሲጨልምበት ይበልጥ ይጨምራል። መለኪያ የለውም፤ የሚያምነው ዓይኑን ነው። ዓይኑ ደግሞ «ገና ነው፣ ገና ነው» ይለዋል። እንዲህ እያለ መጨረሻው ደረሰ።

ማለት የፈለግሁት ይህ ነው፦ ሰፈሩ ሁሉ በአባዬ ዓይን ነበር የሚያየው። ፀጉር አስተካካዩ፣ ያቺ ልጇ ከቴሌቪዥን ማንበብ የለመደች ሴትዮ፣ ልብስ ሰፊዋም ኬብሉን እስክትነቅል። የአንድ ሰው ዓይን በወፍራም ኬብል ወጥቶ፣ በየምሰሶው ተከፋፍሎ፣ በየሰው ሳሎን ገብቶ ተቀምጧል። ስልክ እየደወሉ ሲነግሩኝ የነበረው ስለ ኬብል አልነበረም። እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ስልክ ማንሳት ብቻ ነው ሥራዬ፣ እሱንም አልሰማሁም።

ግን ደግሞ ሌላም ነገር አሰብኩ፤ ከኃጢአት እንዳይቆጠርብኝ እንጂ። ማንም ሰው የሌላውን ዓይን እንዲህ ተውሶ አያውቅም። አባዬ ምን እንደሚታየው ማወቅ ብፈልግ ሳጥኖቹን እስከ መጨረሻ ጨምሬ መቀመጥ ብቻ ነው። ዛሬ እሱ ሳይኖር እንዲያ አድርጌ ተቀመጥኩ። ፊት የሌላቸው ሰዎች ነጭ ሜዳ ላይ ይሄዳሉ። በዚያ ውስጥ ነው አባዬ ምሰሶ ላይ የሚወጣው፣ መዳብ የሚልጠው፣ መንገድ የሚሻገረው፣ እኔን በስሜ የሚጠራኝ። ፈራሁ። እንባዬም መጣ። ደግሞ ገረመኝ፤ እንዴት ነው እስካሁን ሳይሰናከል የኖረው?

ጥር 28፣ ቅዳሜ

አባዬ ሳጥኖቹ ፊት ቆሞ ጣቶቹን በማዞሪያዎቹ ላይ አሳለፋቸው።

«እነዚህ ነገሮች ራሳቸውን መቀነስ ጀምረዋል» አለ።

«አርጅተው ይሆናል» አልኩ።

«ሳጥን ሲያረጅ እጅ አያበቅልም።»

ሊቆጣ ነው ስል ወንበሩን ሳበልኝ።

«ነይ እስቲ ተቀመጪ። ምን ይታይሻል?»

«እንዴት?»

«የሚታይሽን ንገሪኛ። አፍ የለሽም?»

ጀመርኩ። መጀመሪያ አንድ ቃል፣ ከዚያ ሁለት። «ነጭ ነው… ፊቱ የለም… ትንሽ ቀንሰው… ኮቱ መጣ፣ ከረባቱ አልመጣም… ቀንሰው… አሁን ከረባቱ ባለ መስመር ነው። እዚያ ጋ ያዘው!» እሱ ሳይናገር ያዞራል። ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው ሄድን። ሜዳውን ነገርኩት፤ ሣሩ ሁለት ዓይነት አረንጓዴ መሆኑን። የምግብ ሠሪውን ነገርኩት፤ ከድስቱ የሚወጣውን እንፋሎት። በሕይወቴ እንዲህ አውርቼ አላውቅም። አፌ ደረቀ። አንድም ቦታ አላስቆመኝም፣ አንድም ቦታ አልሳቀብኝም።

ዜናው ጋ ስንደርስ «ጉንጯ ላይ ምልክት አላት» አልኩት።

«አዲስ ናት?»

«አይ፣ ያችው ናት አባዬ። ሁልጊዜም ነበራት።»

«እ» አለ። ማዞሪያውን ይዞ ቆየ። ከዚያ «ሻይ አምጪልን» አለ። ሻዩን ሳመጣ እንዳያቃጥለው ብዬ እጀታውን ወደ እሱ አዙሬ እጁ ላይ አስያዝኩት። እሱም እንደዚያ መሆኑን ያላወቀ መሰለ፤ እኔም ያደረግኩትን ያላወቅኩ መሰልኩ።

የካቲት 1፣ ማክሰኞ

ምስሉ ደህና ነው። ስለ ነጭ የሚደውል የለም። ግን ሰው መሄዱን አላቆመም። አልገባኝም ነበር፤ አሁን ገባኝ። የእኛ ምስል ቢጠራም ያ የልብስ ሰፊዋ ባሕር አይሆንም። አባዬ ዓይኑ ቢሽርም አይሆንም።

ፀጉር አስተካካዩ ራሱ መጣ፣ ኮፍያውን እያዞረ። «ጋሼ፣ እንግዲህ… ልጆቹ ኳስ በኢንተርኔት ካልሆነ አንመጣም አሉኝ። ፊትዎን ማየት አፍሬ በስልክ ልናገር ነበር፤ ሚስቴ ወንድ ከሆንክ ሂድና ንገር አለችኝ።»

አባዬ አልተቆጣም። «ኬብሉን ግን ጎትተህ እንዳትበጥሰው። ክፍቱን የቀረ ጫፍ የምስሉን ምልክት መልሶ ወደ መስመሩ ይወረውረዋል፤ የጎረቤትህ ምስል ጥላ ያወጣል። እኔ መጥቼ እፈታዋለሁ፤ ጫፉንም እደፍነዋለሁ።»

«እርስዎ? ለሚሄድ ደንበኛ?»

«ሰው ሲሄድም በር ይዘጋለታል» አለ አባዬ።

ሲወጣ ፀጉር አስተካካዩ ዓይኑን በኮፍያው ጠረገ። ሲያስነጥሰው ነበር ይላል እሱ።

የካቲት 5፣ ቅዳሜ

ነፋስ። ትልቁን ዲሽ አዞረው። ምስል ሁሉ ጠፋ። አባዬ ጣሪያ ላይ ወጣ። ሌላውን ነገ እጽፈዋለሁ። ደህና ነው። ወርዷል። ደህና ነው።

የካቲት 6፣ እሑድ

ዲሽ ሲስተካከል አንድ ሰው ጣሪያ ላይ ሆኖ ያዞራል፣ አንድ ሰው ታች ቴሌቪዥኑ ጋ ሆኖ በመስኮት ይጮሃል። ሁልጊዜ የምትጮኸው እማዬ ናት፤ ትናንት ግን ሥራ ላይ ነበረች። አይሆንም ልለው ፈልጌ ነበር። «አባዬ፣ ነፋሱ ይብረድ» ነው ያልኩት። «ነፋስ ደንበኛ አይጠብቅም» ብሎ መሰላሉን አቆመ።

«መጣ?» ይላል ከላይ።

«አልመጣም» እላለሁ።

«ምን?»

«አልመጣም!»

«ድምፅሽን አውጪ እንጂ! ጎረቤት ቢሰማ ምን ቸገረን!»

መንገዱ ላይ ሰዎች ቆመዋል። ዓይኔን ጨፍኜ ጮህኩ። «ወደ ግራ! ትንሽ! አልፈኸዋል፣ መልሰው! ያዝ! ያዝ!» ምስሉ መጣ። ከባዶ ጥቁር ውስጥ አንድ ሜዳ ሙሉ ሰው ብድግ አለ። ከሰማይ እንደሚወርድ ባውቅም እንደዚያ ዓይኔ እያየ ሲወርድ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ደስ ብሎኝ ልነግረው በመስኮቱ ብቅ ስል እግሩን አየሁ።

መሰላሉ ከወዲህ ነው። አባዬ ከወዲያ በኩል፣ ምንም በሌለበት፣ በጫማው ጫፍ መሰላሉን እየፈለገ ነው። ክብደቱን ሊጥልበት ነው።

«ቁም!»

ከኔ የወጣ አልመሰለኝም። ልብስ ሰፊዋ በኋላ እንደነገረችኝ መኪና እንኳ ቆሟል። አባዬም ቆመ።

«እግርህን መልስ! መሰላሉ በግራህ ነው አባዬ። አታንሳው፣ ጎትተው። ገና ነህ። ገና። አሁን ቁጭ በል። እጅህን ዘርጋ፤ ብረቱ እዚያ ነው።» ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ሮጦ መጣና መሰላሉን ታቀፈው። አባዬ ደረጃ በደረጃ በድምፄ ወረደ። እኔ ብቻ ነበርኩ የማወራው።

ልብስ ሰፊዋ ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። «የዓይን ሞራ ነው። እናቴን እንደዚሁ ጋርዷት ነበር፤ ሐኪም ገፈፈላትና ዛሬ መርፌ ውስጥ ክር ታስገባለች። ያን ዕለት እኔ ቤት «ያው ነው» ሲሉ በሳቅ አለፍኩት። አፈር በበላሁ!»

ዛሬ ከምሳ በኋላ ከአባዬ ጋር ፎቅ ተቀመጥን።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አለኝ።

«ጥር ውስጥ። አንተስ?»

«ቀስ እያለ ነው የመጣው። መብራቱ ነው እላለሁ፣ አቧራው ነው እላለሁ። ኋላ ሳጥኑ ነው አልኩ።» ሳቀ፤ ሳቁ አላማረም። «የኬብል ሰው አያይም ከተባለ ማን በሩን ይከፍትለታል? ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። ዲሹን አጥብቄ ልሰረው፣ ከዚያ እንተያያለን።»

«እማዬ ፀጉሯን ተቆርጣለች» አልኩት።

«መቼ?»

«ወሩን ልትደፍን ነው።»

እጁን አፉ ላይ አደረገ።

«ምን ትመስላለች?» አለ በመጨረሻ።

ነገርኩት። አንገቷን ነገርኩት፣ ጆሮዋ አጠገብ ያለችውን ሽበት፣ ያን ዕለት ፊት ለፊቱ ተቀምጣ እንዴት እንደጠበቀች። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።

«እሺ ሐኪም ቤት ሄድኩ እንበል። ክፍሉስ? ምስሉ አንድ ቀን ከጠፋ ሰው ሁሉ ወደ ኢንተርኔት ነው የሚሄደው።»

«እኔ አለሁ» አልኩት።

«አንቺ ስልክ ሲጮህ ትደነግጪያለሽ።»

«እደነግጣለሁ። ግን አነሳዋለሁ።»

የክፍሉን ቁልፍ ከኪሱ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ፤ ከእጄ ትንሽ ራቅ ብሎ። ወሰድኩት። ለእማዬ አልነግራትም ብዬ ግን ቃል አልሰጠሁትም፤ እሱም ደግሞ አልጠየቀኝም።

አሁን እነሱ ተኝተዋል። ስለ ሳጥኖቹ ብዙ አሰብኩ። እነሱ እስካልጠፉ ድረስ አባዬ ሐኪም ቤት የማይሄድበት ምክንያት አያጣም፤ አንዱ ቻናል ይጠፋል፣ ነፋስ ይመጣል፣ እንደገና መሰላል ይቆማል። ሰዎቹ ቢሄዱ ይሂዱ። እኔም አይቻለሁ እኮ። ያን ባሕር ካዩ በኋላ በእኛ ጭጋግ ለምን ይቀመጣሉ? አባዬ ራሱ አንድ ቀን ያንን ዓሣ ከነቅርፊቱ እንዲያይ እፈልጋለሁ። ከሁሉም በላይ የምፈልገው እሱን ነው።

ነገ እማዬ ዕረፍት ናት። ፊቷን ታጥባ እስክትወጣ በር ላይ እጠብቃትና እነግራታለሁ፤ ሳላቋርጥ፣ ከመጀመሪያው እስከ ጣሪያው። አባዬን ክንዱን ይዛው ትሄዳለች። እነሱ ከጥጉ ሲታጠፉ ፎቅ ወጥቼ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ አጠፋለሁ። የዜናዋን ሴትዮ መጨረሻ ላይ ነው የማጠፋው።

ከዚያ ስልኩ ይጮሃል። አነሳዋለሁ። «አባቴ ዓይኑን ሊታከም ሄዷል» እላለሁ። «ምስል የለም። ኢንተርኔት ማስገባት የፈለጋችሁ አስገቡ፤ እኔም አይቼዋለሁ፣ በጣም ያምራል። ኬብሉን ብቻ አትበጥሱት፤ ሲያይ መጥቶ ራሱ ይፈታላችኋል።»

አልሰማሁሽም የሚል ካለ ደግሜ እላለሁ፤ ጮክ ብዬ።